ኮረሪማን ጥቂት፣ ግን ከነገለፈቱ ግዙ

ኮረሪማ ያለበት የተፈጨ መከለሻ በብዛት ገዝታችሁ ወጡ ላይ ስትነሰንሱት መዓዛው አልወጣ ካለ፣ ስትጨምሩበት ደግሞ መረር የሚል ከሆነ፣ ማንኪያውን አስቀምጡት። ኮረሪማውን ከነገለፈቱ፣ በጥቂቱ ግዙ። ወጡ ሊወጣ ሲል ሁለት ሦስት ፍሬ ፈልፍሉ፤ ዘሩን በሙቀጫ ሸክሸክ አድርጋችሁ ነስንሱና ወዲያው አውርዳችሁ ክደኑት።

ኮረሪማ የዝንጅብል ዘመድ ነው። መዓዛውን የሚሰጠው በዘሩ ውስጥ ያለው ቶሎ የሚተን ዘይት ነው። ዘሩ ሳይፈጭ በገለፈቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ዘይቱ ይቆያል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን በየቀኑ እየበነነ ያልቃል፣ የሚተርፈው ምሬቱ ነው። ከመጀመሪያው ጨምሮ ሲያንተከትኩት መዋልም ያው ነው፤ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ጎረቤት ይደርሳል እንጂ እንጀራው ላይ አይገኝም።

ስትገዙ ፍሬውን በእጃችሁ መዝኑት፤ እንደ ላባ የቀለለው ባዶ ነው። ነቀዝ የበሳውንም ተዉት። ከዚያ አንዱን አስከፍቱና ዘሩን ንከሱ፤ ጥሩው ወዲያውኑ አፍንጫን ይከፍታል። ሻጩ በዚህ ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ሱቅ አለ። ዋጋው ከተፈጨው ቢወደድም የምትጨምሩት ትንሽ ስለሆነ ብዙ ይቆያል።

ቅቤ ስታነጥሩ ግን ይህ አይሠራም። እዚያ ስቡ ራሱ መዓዛውን ስለሚይዝ ኮረሪማው ቀደም ብሎ ይግባ። ታዲያ አታድቅቁት፣ ከማጥለያው አልፎ ቅቤው ውስጥ ይቀራል።