የስትሮክ መልእክት ሲዘጋጅ ታማሚውን ተወቃሽ ላለማድረግ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ ወይም በቴሌግራም የሚሰራጭ አጭር ምክር ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ነው። ስለ ስትሮክ የሚነገረው አብዛኛው መልእክት በቅን ልቦና የሚዘጋጅ ቢሆንም፣ በሽታው የደረሰበት ሰው ወይም አስታማሚው ሲሰማው ግን «በራስህ ላይ ያመጣኸው ነው» የሚል ፍርድ ይሆንበታል። መልእክቱ ለጤነኛው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሳይሸፋፍን የሚነግር፣ የታመመውን ደግሞ የማይከስ እንዲሆን መጠንቀቅ ያለብን ገና ከቁጥሩ ጀምሮ ነው።

«ከ10 ስትሮኮች 9ኙን መከላከል ይቻላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ኢንተርስትሮክ ከተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት የመነጨ ነው። ጥናቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ባወጣው ውጤት በ32 አገሮች ያሉ ሰዎችን አነጻጽሮ፣ አሥር ሊለወጡ የሚችሉ አጋላጭ ሁኔታዎች ከአጠቃላዩ የስትሮክ አደጋ 90 በመቶ ከሚሆነው ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል። ይህ ቁጥር ስለ ሕዝብ የተነገረ ነው፤ አልጋ ላይ ስለተኛው ስለ አንድ ሰው የሚናገረው ነገር የለም። ከዝርዝሩ ውስጥ ሲጋራና አልኮል እንዳሉ ሁሉ የልብ ሕመም፣ የስኳር በሽታና የኑሮ ጭንቀትም ይገኛሉ፤ የስኳር ሕመሙን ወይም ጭንቀቱን መርጦ ያመጣ ሰው ግን የለም። ከሁሉም የሚከብደው የደም ግፊት ነው፤ እሱም ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት መቆየት ይችላል። በኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ዐዋቂዎች ወደ 16 የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ሕክምና አልጀመሩም። ተለክቶ የማያውቅን ሰው «ቸልተኛ» ማለት ያልተነገረውን ለምን አልሰማህም ብሎ እንደ መቆጣት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን መጥቀስ ካስፈለገ «የደም ግፊት በሕዝቡ ውስጥ በጊዜ ቢገኝና ቢታከም የስትሮክ ቁጥር በእጅጉ ይቀንሳል» ተብሎ ይጻፍ።

«ሊለወጥ የሚችል» የሚለው አገላለጽ ሲመጣ ደግሞ የሚለውጠው ማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በማገዶ ጭስ ውስጥ እንጀራ የምትጋግር ሴት ሳንባዋና የደም ሥሮቿ የሚጎዱት ሌላ የኃይል አማራጭ ስለሌላት ነው። በልጅነቷ ቶንሲሏን ታማ በወቅቱ ያልታከመች ልጅ የሩማቲክ የልብ ሕመም ይዟት ሊያድግ ይችላል፤ በሽታው የልብን ቫልቭ ያጠብና የልብ ምቱን ያዛባል፣ በዚያም የረጋ ደም ከልቧ ተነሥቶ ገና በወጣትነቷ አንጎሏ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታየውን ይህን ዓይነት ስትሮክ «ጨውና ቅባት ቀንሱ» የሚለው ምክር አይነካውም። ጨውም ቢሆን የግለሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብሪታንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ ከምግብ አምራቾች ጋር ተስማምታ በዳቦና በታሸጉ ምግቦች ውስጥ ያለውን ጨው ቀስ በቀስ በማስቀነሷ፣ አንድ ዐዋቂ በቀን የሚወስደው አማካይ መጠን በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ9.5 ግራም ወደ 8.1 ግራም ወርዷል። ብዙው ሰው ቅነሳውን እንኳ ልብ አላለውም። መልእክትዎ ለቤተሰቡ ምክር ሲሰጥ ለከተማው አስተዳደር፣ ለመድኃኒት አቅራቢውና ለዳቦ ቤቱም የሚለው ነገር ሊኖረው ይገባል።

ወደ ቃላቱ ስንመጣ፣ የሚከተለውን ዓይነት ጽሑፍ ያላየ የለም፦ «ስትሮክ በቸልተኝነት የሚመጣ ገዳይ በሽታ ነው! አመጋገብዎን ባለማስተካከል ቤተሰብዎን ለሐዘን አይዳርጉ!» በዚህ ውስጥ አንባቢው ዛሬ ሊያደርገው የሚችለው አንድም ነገር የለም፤ ያለው ክስና ማስፈራሪያ ነው። በምትኩ እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «የደም ግፊት ሳያምም ሊቆይ ይችላል። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ጣቢያ ይለኩ። መድኃኒት ከታዘዘልዎትና መግዛት ካልቻሉ ወይም ካልተስማማዎት ከማቋረጥዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሌላ አማራጭ ሊኖር ይችላል።» ሁለተኛው ጽሑፍ መድኃኒት የሚቋረጥበትን እውነተኛ ምክንያት ይጠራል፣ መውጫውንም ያሳያል። በአጠቃላይ አጋላጭ ሁኔታ መነገር ያለበት ወደፊት ለሚደረግ ነገር ምክንያት ሆኖ ነው፤ ለደረሰው ነገር ማብራሪያ ሲሆን ወዲያው ወደ ወቀሳ ይዞራል።

ወቀሳ የሚጎዳው ስሜትን ብቻ ቢሆን እንኳ መታረም ነበረበት፤ ነገር ግን ሕክምናንም ያበላሻል። ጠያቂዎች ተሰብስበው «መድኃኒቱን አቋርጦ ነው አይደል?» እየተባባሉ ያፈረ ታማሚ ለሐኪሙም «አላቋረጥኩም» ይላል፤ ሐኪሙ በዚያ ላይ ተመሥርቶ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰድ አለመውሰዱማ የረጋውን ደም የሚያሟሟው ሕክምና ከመሰጠቱ በፊት በትክክል መታወቅ ያለበት ነገር ነው። ወቀሳው በታማሚው ላይም አያበቃም፤ «ጨው እያበዛችበት» ተብላ የምትታማው ወጥ ሠሪዋ ሚስቱ ናት፤ ከዚያ በኋላ ለወራት የምታገላብጠውና የምታጎርሰውም እሷው ናት። ይህን የሚያባብስ ሥዕል፣ ማለትም አንድ እጁ ሲጋራ፣ ሌላው ብርጭቆ የያዘ አፉ የተጣመመ ሰው፣ ከመለጠፍ ይልቅ ክንድ ላይ የታሰረ የግፊት መለኪያ ቢሣል ይሻላል።

በተቃራኒው ወቀሳን በመሸሽ እውነቱን መተው አይገባም። «በማንም ላይ ሊደርስ ይችላል» ብቻ ተብሎ ከቆመ አድማጩ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ለእኔ ይህም ከወቀሳው ያልተናነሰ ጥፋት ነው። ሲጋራ ስትሮክን ያመጣል፣ ማቆምም አደጋውን ይቀንሳል፤ ይህ በግልጽ ይነገር። ለማቆም የሚረዳው ምን እንደሆነ ግን አብሮ ይነገር።

የድንገተኛ ምልክቶቹ ክፍል አጭር ይሁን፦ ፊት በአንድ ወገን መውደቅ፣ አንድ ክንድ መዛል፣ ንግግር መንተባተብ፤ ከእነዚህ አንዱ በድንገት ከታየ የጀመረበትን ሰዓት ይዞ ሲቲ ስካን ወዳለው ሆስፒታል መሮጥ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና፣ «ምች ይሆናል፣ ይለፍለት» ብሎ ማደር ዕድሉን ያሳጣል። ያዘገየ ቤተሰብ ግን በመልእክቱ አይወቀስ፤ ዘግይቶም ቢሆን መምጣት እንደሚጠቅም ይነገረው። ጽሑፉ ወደ ውጭ አገርም ስለሚላክ የአምቡላንስ ቁጥሩ የየት አገር እንደሆነ ይጻፍ፦ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል 907፣ በአሜሪካ 911፣ በእስራኤል 101።

ከመሰራጨቱ በፊት ጽሑፉን በፊዚዮቴራፒ ክፍል ተራ ለሚጠብቁ ታማሚዎችና አስታማሚዎች አንብቡላቸውና «ይህ ስለ ማን የሚናገር ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ስለ እኛ ጥፋት» ካሉ ዐረፍተ ነገሩ ይለወጥ። በቀጥታ የሬዲዮ ስርጭት ላይ ደግሞ «አጎቴ ጠጪ ስለነበር ነው የመታው፣ አይደል?» የሚል አድማጭ መደወሉ አይቀርም። አዘጋጁ «የአንድን ሰው ስትሮክ ምክንያት ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም፤ መጠጥ ግን አደጋውን ይጨምራል። አሁን አጎትዎን የሚከታተላቸው ሐኪም አለ? የደም ግፊታቸውስ የተለካው መቼ ነው?» ብሎ ይመልስ፤ ከዚያም ደዋዩ ራሱ ተለክቶ እንደሆነ ይጠይቀው።