ከሆስፒታል ውጭ የመጀመሪያውን የነርስነት ሥራ በጎንደር እንዴት እንደሚመርጡ

ከሆስፒታል ውጭ መሥራት እዚህ ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን ነው፤ የሚሄዱትም ወደ ጤና ጣቢያ ነበር። ስለዚህ "ሆስፒታል ስላልገባህ ነው" የሚላችሁን ዘመድ እለፉት።

1. ወረቀታችሁን ጨርሱ። የሙያ ፈቃድ ሳይወጣ "ለጊዜው ግቡ፣ በኋላ ይስተካከላል" የሚል ክሊኒክ ካለ ተመለሱ።

2. ቦታውን ሳትነግሯቸው እዩት። ሰኞ ጠዋት ሄዳችሁ ታካሚ አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ስንት ሰው ይገባል? ነርሷ መርፌ ትወጋለች፣ ካርድ ታወጣለች፣ ገንዘብም ትቀበላለች? እንዲህ ከሆነ የእናንተም ሥራ ያው ነው።

3. መርፌ ክፍሉን አሳዩኝ በሉ። እኔ ብዙ የምፈርደው እዚህ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ብትደነግጡ ከኋላችሁ ሲኒየር አለ፤ ክሊኒክ ውስጥ ግን ፔኒሲሊን የተወጋ ሰው ፊቱ አብጦ ትንፋሽ ሲያጥረው ብቻችሁን ልትሆኑ ትችላላችሁ። ለእንዲህ ያለ የአለርጂ ድንጋጤ የሚወጋው አድሬናሊን የት እንደተቀመጠ፣ ጊዜው እንዳላለፈ፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጥ ከረጢት) መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም በጭን ጡንቻ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ምሳ ከወጣ ግን ማወቃችሁ አይረዳም። ከዚያ "እንዲህ ቢሆን ማንን ልጥራ?" ብላችሁ ጠይቁ። "አንቺው ትችያለሽ" ሙገሳ ይመስላል፤ ለጀማሪ ግን መልስ አይደለም።

4. ሪፈሩን አስቡ። ከአዘዞ በሽተኛ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል መላክ ቀላል ነው። ገንዳ ውኃ ወይም መተማ ከሆነ መንገዱ ረጅም ነው፤ በምትኩ ወባንና ካላዛርን (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) በመጽሐፍ ሳይሆን በሰው ላይ ትማራላችሁ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ከተማው ጤና ጣቢያ ገብቼ ክትባቱን፣ የእርጉዝ ክትትሉን፣ የቲቢ ክፍሉን እዞር ነበር። የትምህርት ቤት ክሊኒክ ዱቲ (የሌሊት ተረኝነት) የለውም፤ ግን ለጀማሪ እጅ ያስረሳል።

5. ውሉን በጽሑፍ ያዙ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ "ስድስት ወር እንይሽ" ቢሏችሁ ይህን አስታውሱ።

6. ከእናንተ በፊት የነበረችው ነርስ ለምን እንደለቀቀች ጠይቁ። ባለቤቱን ሳይሆን የጽዳት ሠራተኛዋን።