በተኳረፉ ወንድምና እህት መሃል ስትገቡ

በወላጆች ቤት ውርስ ተጣልተው ብሎክ የተደራረጉ ወንድምና እህት አሉ እንበል። "እባካችሁ ግቡበት" ተባላችሁ። ቶሎ የሚመጣላችሁ ሐሳብ ሁለቱን አንድ ክፍል ማስቀመጥ ነው። ተዉት። ንዴቱ ያልበረደለት ሰው ፊት ለፊት ሲገናኝ የቤቱን ጉዳይ ትቶ ከስንት ዓመት በፊት በሰርግ ላይ የተባለውን ነው የሚያነሳው።

ለየብቻ አግኟቸው። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙ፤ "እሱም እኮ እውነት አለው" ማለት ይቆያችሁ። ለምሳሌ እህትየዋ ስትጨርስ የሰማችሁትን መልሳችሁ ጠይቋት፦ "ስለዚህ ያናደደሽ ቤቱ መሸጡ ሳይሆን ሳትጠየቂ መሸጡ ነው?" ብዙ ጊዜ በአፍ የሚወራውና ውስጥ የሚቆጠቁጠው ለየቅል ነው፤ ይህን ሳትለዩ ስለ ድርሻ መደራደር ከጀመራችሁ በከንቱ ትደክማላችሁ።

ከዚያ ወሬ አመላላሹን ፈልጉ። አይጠፋም። አክስት ትሆናለች፣ ወይ ቮይስ ፎርዋርድ የሚያደርግ የአጎት ልጅ። ሳታስቀይሙ "ከዛሬ ጀምሮ ነገሩ በእኛ በኩል ይሂድ" በሏቸው።

መልእክት ስታደርሱ ጥያቄውን ውሰዱ፣ ስድቡን እዚያው ተዉት። "ያ ሌባ ሒሳቡን ያምጣ" ካለች፣ ለእሱ የሚደርሰው "የሽያጩን ውል ማየት ትፈልጋለች" ነው። ግን አታሳምሩ! "በጣም ናፍቀሃታል" ብላችሁ ከጨመራችሁ፣ የተገናኙ ዕለት ትጋለጣላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማችኋል?

ገንዘብና ቀን ያለበትን ነገር በጽሑፍ አድርጉት። በነገራችን ላይ፣ ከኩባ የሚሳኤል ቀውስ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የዘረጉት ቀጥታ መስመር ፊልም ላይ እንደምናየው ቀይ ስልክ አልነበረም። የጽሑፍ መላላኪያ ማሽን ነበር፤ ሁለቱም በየራሳቸው ቋንቋ ይጽፉ ነበር። በድምፅ ሲሆን በችኮላ የተባለ ቃል አይመለስም፣ አስተርጓሚም ይሳሳታል። የእኛዎቹ አስተርጓሚ ባያስፈልጋቸውም በስልክ መጯጯህ አያቅታቸውም።

ማገናኘት ያለባችሁ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚሉ አስቀድማችሁ ስታውቁ ነው። ቦታው የሁለቱም ቤት አይሁን። ሁለቱም የሚያከብሩት አንድ ትልቅ ሰው ይኑር። መጀመሪያ የማያጣላውን አንሱ፣ ለምሳሌ የእናታቸውን የመቃብር ሐውልት ማን ያሠራዋል የሚለውን፤ በትንሹ ከተስማሙ ወደ ቤቱ መግባት ይቀላል።

አንዱ ሆን ብሎ የሚያጓትት ከመሰላችሁ ግን ጠበቃ እንዲያማክሩ ንገሯቸው፤ የውርስ ክስ ይርጋ፣ ማለትም መቅረብ ያለበት የጊዜ ገደብ አለው፤ ሽማግሌ ስለተቀመጠ ጊዜው ይቆምልናል ብለው አይተማመኑ።