የሚፈስ ጆሮ ካልቸር፦ ስዋቡን ከመያዛችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ለአታችመንት (ለስራ ልምምድ) ደሴ የሚመጡ የላብ ልጆች የጆሮ መግል ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ መለየት) አሳየን ሲሉኝ ሁሉም ከፕሌቱ ነው የሚጀምሩት፣ የቱ ሚዲያ (ባክቴሪያው የሚበቅልበት ምግብ) ላይ ልዝራው ምናምን። እኔ ያየሁት ግን አብዛኛው ካልቸር ላብ ሳይደርስ ገና ጆሮው ላይ እያለ ነው የሚበላሸው።

መጀመሪያ ጠይቁ። «እህቴ፣ ለልጁ ጆሮ ያደረግሽለት ነገር አለ?» ስትሏት «ኧረ ምንም» ትላለች፣ ትንሽ ቆይታ «ከፋርማሲ የገዛሁትን ጠብታ ብቻ፣ እሱንም ማታ ነው» ትላችኋለች። ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቆ የሚጨምርም አለ። ሁሉንም ሪኩዌስቱ ላይ ጻፉት፣ አንቲባዮቲክ ከገባበት ደግሞ ናሙናው ይቆይ ወይ ብላችሁ ሀኪሙን አማክሩ።

ከዛ ቀዳዳው አፍ ላይ የደረቀውን መግል በኖርማል ሳላይን በራሰ ጎዝ ጥረጉት፣ እሱን ከወሰዳችሁ የሚበቅልላችሁ የቆዳ ባክቴሪያ ነው። ትልቅ ሰው ከሆነ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ህጻን ከሆነ ወደ ታችና ወደ ኋላ ሳብ አርጉና አዲስ የሚወጣውን ፈሳሽ በቀጭን ስቴራይል ስዋብ (ጫፉ ላይ ጥጥ ያለው ዘንግ) ንኩት። ወደ ውስጥ አትግፉ በናታችሁ፣ ታምቡሩ የተበሳ ሊሆን ይችላል፣ ከጥልቅ መውሰድ ካስፈለገ ሀኪሙ እያየ ይውሰድ። ሁለት ስዋብ ያስፈልጋችኋል፣ አንዱ ለግራም ስቴይን (ባክቴሪያውን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ለማየት) አንዱ ለካልቸር፣ ቀኝና ግራ ጆሮ ደግሞ ለየብቻ።

አንዴ ከኮምቦልቻ የተላከ ስዋብ ያለ አሚስ (ስዋቡ እንዳይደርቅ የሚያደርግ ማጓጓዣ ሚዲያ) ባዶ ቱቦ ውስጥ ሚኒባስ ላይ ተቀምጦ፣ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ፣ እኔ ጋ ሲደርስ እንደ ገለባ ደርቋል፣ እኔም ሞኝ ሪጀክት ማድረግ ሲገባኝ ዘራሁት፣ ምንም አልበቀለም፣ እናትየዋ ልጇን አዝላ እንደገና መጣች። አሚስ ውስጥ ካለ እስከ 24 ሰዓት በሩም ቴምፕሬቸር ይቆያል፣ ከሌለ ግን በ2 ሰዓት ውስጥ ላብ ይድረስ።

ሚዲያው ብለድ አጋር፣ ቸኮሌት አጋርና ማኮንኪ ነው። ቸኮሌቱን ጥብቅ ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ ሻማ አብርታችሁ ዝጉበት፣ ሻማው ራሱ ሲጠፋ በቂ ካርቦንዳይኦክሳይድ አለ ማለት ነው። ኢንኩቤተሩ 35 እስከ 37 ዲግሪ፣ በ24 ሰዓት እዩት፣ ካልበቀለ እስከ 48 ጠብቁ።

እዚህ ላይ የደሴ ጣጣ አለ። ከተማችን 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አውቶክሌቭ (ሚዲያውን በእንፋሎት ግፊት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን) መጽሐፉ እንደሚለው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ላይ ብታቆሙት 121 ዲግሪ አይደርስም፣ 117 አካባቢ ነው የሚቀረው፣ ከዛ ሚዲያው ለምን ኮንታሚኔት ሆነ ትላላችሁ። 19 አካባቢ ይፈልጋል፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ዝቅ ስለምትሉ 18። ማሽናችሁ ይሄን ያህል ግፊት መቻሉን ግን መጀመሪያ አረጋግጡ፣ ቴርሞሜትር ካለው ደግሞ እሱን እመኑ።

ስር የሰደደ የጆሮ ፈሳሽ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚመጡት ስዶሞናስ፣ ስታፍ ኦሪየስና ፕሮቲየስ ናቸው። ስዶሞናስ በኦክሲዴዝ ቴስት ፖዘቲቭ ነው፣ አረንጓዴ ይላል፣ ፕሌቱን ስትከፍቱ የወይን ፍሬ አይነት ሽታ ይመጣል (አፍንጫችሁን አታስጠጉ፣ ራሱ ይመጣል)። ፕሮቲየስ ብለድ አጋሩ ላይ ኩሬ ውስጥ ድንጋይ እንደተጣለበት ክብ ክብ እየሰራ ሁሉንም ይሸፍነዋል፣ ስሩ ስታፍ ተደብቆ ሊሆን ስለሚችል ማኮንኪውንና ግራሙን ሳታዩ ሪፖርት እንዳትጽፉ። ሰውየው ጆሮዬን ያሳክከኛል ካለና ጥቁር ነጠብጣብ ካለው ፈንገስ አስቡ፣ 10% ኬኦኤች (ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ) ስላይድ ሰርታችሁ ሳቡሮ (የፈንገስ ሚዲያ) ላይ ዝሩ፣ የደሴ ብርድ ስለሚያዘገየው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚሞቅ ቦታ ፈልጉለት።

ሴንሲቲቪቲው (የትኛው መድኃኒት እንደሚሰራ የሚታይበት) ሙለር ሂንተን የሚባል ሚዲያ ላይ ነው፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ የባክቴሪያው ሰስፔንሽን ድፍርስነቱ 0.5 ማክፋርላንድ። ለስዶሞናስ የአሞክሳሲሊን ዲስክ (መድኃኒት ያለበት ክብ ወረቀት) አታባክኑ፣ በተፈጥሮው አይሰማውም፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሴፍታዚዲም አስቀምጡ። ሀኪሙ «አር (ረዚስታንት፣ መድኃኒቱ አይሰራም) ብለህ ጽፈህ በጠብታው ዳነ እኮ» ቢላችሁም አትደንግጡ፣ ዲስኩ የሚለካው በአፍና በመርፌ ተሰጥቶ ደም ውስጥ ለሚገኘው መጠን ነው፣ ጠብታ ግን ጆሮው ላይ ከዛ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።