ተች ስክሪን ያላት የኪስ ካሜራ፦ እንዴት ፈትሾ መግዛትና መጠቀም ይቻላል

አጎቴ ከውጭ ለእረፍት የመጣ ጊዜ አንዲት የኪስ ካሜራ ለቤታችን ትቶ ሄደ። የሲጋራ ፓኮ ታክላለች። ከፊቷ ሌንስ አለ፤ ጀርባዋ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስክሪን ነው። ቁልፎቿ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ማብሪያው፣ ማንሻውና ዙሙ። ሌላው ሁሉ በጣት ነው። ደብረ ማርቆስ ቤታችን የመጣ እንግዳ አንዴ ነካ ነካ ያደርጋትና ሁሌም ያንኑ ይጠይቃል፦ «ስልክ እያለ ይቺን ምን ትሠሩባታላችሁ?»

እኔም መጀመሪያ ያልኩት እንደዚያው ነበር። አሁን ዓመት ስለተጠቀምኩባት መልስ አለኝ፤ ግማሹ ሙገሳ፣ ግማሹ ወቀሳ ነው። ሁለቱም የሚመጡት በአብዛኛው ከዚያው ከስክሪኗ ነው። ያገለገለች ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ወይም እንደኛ ተሰጥታችሁ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠች፣ በዚህ መንገድ ሂዱ።

መጀመሪያ ስክሪኗን እወቁ

ተች ስክሪን ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ ከ2007 እስከ 2010 አካባቢ የወጡት ብዙዎቹ ግፊት የሚፈልጉ ናቸው። ከላይ ያለው ስስ ፕላስቲክ ሲጫን ከሥሩ ካለው ንጣፍ ጋር ይገናኛል፤ ካሜራዋ የተነካውን ቦታ የምታውቀው በዚያ ነው። ሬዚስቲቭ ይባላል። ካፓሲቲቭ የሚባለው ደግሞ እንደ ስልካችን ነው፤ ሳይጫኑት፣ ጣት ሲያርፍበት ብቻ ያውቃል።

መለየቱ ቀላል ነው። በእስክሪብቶ ክዳን ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት። ከታዘዘ ሬዚስቲቭ ነው። ዝም ካለ ካፓሲቲቭ ነው፤ ወይም ተበላሽቷል።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? አባቴ ዕድሜውን በእርሻ ያሳለፈ ሰው ነው። የጣቱ ቆዳ ጠንክሮ ስልኬ አልታዘዝ ሲለው «ይቺ ደግሞ ናቀችኝ» ይላል። የአጎቴ ካሜራ ግን በጥፍሩም ትታዘዝለታለች። ጢስ ዓባይ የሄድን ጊዜ ደግሞ የፏፏቴው ካፊያ ስልኬ ላይ ሲያርፍ ስክሪኑ ብቻውን ይከፍት ይዘጋ ጀመር። ካሜራዋ ምንም አልመሰላትም። ውኃ አይነካትም ማለቴ አይደለም፤ ውስጧ ከገባ አለቀላት። ስክሪኑ ግን ጠብታን ጣት ነው ብሎ አይሳሳትም።

ወቀሳው እዚህ ላይ ነው። ፕላስቲኩ ቶሎ ይጫጫራል። ጠበቅ አድርጋችሁ ካልተጫናችሁ አይሰማም፤ ስትጫኑ ደግሞ ካሜራዋ ትነቃነቅና ፎቶው ይደበዝዛል። ስልክ የለመደ ጣት የመጀመሪያውን ሳምንት ይናደዳል።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ብዙ ሰው ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ አብርቶ አንድ ፎቶ ያነሳና «ትሠራለች» ይላል። ለዚህች ዓይነቷ አይበቃም። ባለ ብዙ ቁልፍ ካሜራ ላይ አንድ ቁልፍ ቢሞት በሌላው ይዘለላል። እዚህ ግን ሜኑው፣ ፍላሹን ማጥፊያው፣ ፎቶ መሰረዣው፣ ቀን ማስተካከያው ሁሉ ስክሪኑ ውስጥ ነው። ስክሪኑ ከሞተ ፎቶ ማንሳት ትችሉ ይሆናል እንጂ ሌላ ምንም ማዘዝ አትችሉም።

ስለዚህ ስክሪኑን እንደ እርሻ መሬት ከዳር እስከ ዳር እረሱት። ሜኑውን ክፈቱና አራቱንም ማዕዘን ንኩ። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ዳርና ዳሩ ነው፤ «ተመለስ» የሚለው ምልክትም የሚቀመጠው እዚያው ጥግ ላይ ነው። አንዱን ነክታችሁ ጎረቤቱ ከተከፈተ ወዲያው አትመልሷት። አንዳንዶቹ፣ በተለይ የሶኒ ቲ የሚባሉት፣ ሴቲንግ ውስጥ ካሊብሬሽን የሚል አላቸው፤ የተሳሳተውን የንክኪ ቦታ ማስተካከያ ነው። የሚታየውን ምልክት ተራ በተራ መንካት ነው። ሻጩ ይህን ስለማያውቅ ረከስ አድርጎ ሊሸጥላችሁም ይችላል።

ቀጥሎ ሌንሱ። ዙም ስታደርጉ ሌንሱ ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ ጆሯችሁን አስጠጉ። ሲወጣና ሲገባ አሸዋ የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ካሰማ ተዉት። አንዳንዶቹ ስስ ካሜራዎች ሌንሳቸው ጭራሽ አይወጣም፤ ብርሃኑ በፕሪዝም ታጥፎ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ለበጋ አቧራችን የሚሻሉት እነዚህ ናቸው። ጉድለታቸው የፎቶው ዳርና ዳር ትንሽ መለስለሱ ነው። ሌላው ጣጣ ሌንሱ ከላይ ጥግ ላይ መሆኑ ነው። የግራ ጣታችሁን ካልሰበሰባችሁ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ትገባለች። የእኔ ጣት ከዘመዶቼ በላይ ፎቶ ተነስታለች።

ከዚያ ዙሙን እስከ መጨረሻ ሳቡና ነጭ ነጠላ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ። ፎቶው ላይ ጥቁር ነጥብ ከታየ ውስጧ አቧራ ገብቷል ማለት ነው። ይህ በጨርቅ የሚጠረግ አይደለም።

ባትሪውን አውጡና ጠረጴዛ ላይ በሰፊው ጎኑ አስተኙት። አብጦ የሚሽከረከር ከሆነ አትቀበሉ። ባትሪው ደህና ቢሆንም ቻርጀሩ መኖሩን እዩ፤ የሌላ ካሜራ ቻርጀር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። እነዚህ ካሜራዎች አዲስ ሳሉ እንኳ በአንድ ቻርጅ የሚያነሱት በአብዛኛው ከ150 እስከ 250 ፎቶ ነው። ያን ሁሉ ስክሪን ማብራት ባትሪ ይበላል። ሠርግ ልታነሱበት ካሰባችሁ ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልጋል።

ሜሞሪው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከ2010 በፊት የወጡ የሶኒ ካሜራዎች የሚቀበሉት በአብዛኛው ሜሞሪ ስቲክ ዱዮ የሚባለውን ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። ካርዱ አብሮ ከሌለ እኔ ብሆን አልገዛም። ሌሎቹ ኤስዲ ካርድ ይጠቀማሉ፤ እነሱም ወሰን አላቸው። በጣም የድሮዎቹ ከ2 ጊጋ በላይ አይቀበሉም። ኤስዲኤችሲ የሚል የተጻፈባቸው እስከ 32 ይሄዳሉ። «ትልቅ ይሻላል» ብላችሁ 64 ብትገዙ ካሜራዋ አላውቀውም ልትል ትችላለች። 8 ጊጋ ራሱ ከሺህ በላይ ፎቶ ይይዛል።

ቀንና ሰዓቱን ሙሉ

አጭር ሥራ ነው፤ ግን አትዝለሉት። ካሜራዋ የምታውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው «የእኛን ልሙላ» ብሎ ዓመቱን ያስገባል፤ ጳጉሜን ሲደርስ ይቸገራል። ቀኑንም ሰዓቱንም በፈረንጅ ሙሉ። ኮምፒውተር ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል የሚደረድረው በዚያ ነው።

በበራች ቁጥር ቀን የምትጠይቅ ከሆነ አትደንግጡ። ውስጧ ሰዓቱን ብቻ የሚይዝ ትንሽ ባትሪ አለ። ብዙዎቹ ላይ ሙሉ ባትሪ ከትታችሁ አንድ ቀን ስታስቀምጧት እሱም ይሞላል።

እግረ መንገዳችሁን ዲጂታል ዙም የሚለውን አጥፉ። እውነተኛው ዙም በሌንሱ የሚሳበው ነው፤ በነዚህ ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 5 እጥፍ። ዲጂታሉ ፎቶውን ቆርጦ ከማስፋት በቀር ምንም አይጨምርም።

ማንሳት

ለጎጃም ሰው የተች ስክሪን ትልቁ ጥቅም ነጭ ልብስ ላይ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት። ሁሉም በነጠላና በጋቢ ነጭ ለብሷል። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ፎቶውን ያጨልማል። ጋቢው ግራጫ ይሆናል፤ ፊት ይጠቁራል። አያቴ ከድሮ ፎቶዎቿ በአንዱም ፊቷ የማይለየው በዚህ ምክንያት ነው። ተች ስክሪን ላይ ግን የሰውየውን ፊት በጣት ትነካላችሁ። ፎከሱ እዚያ ያርፋል፤ በብዙዎቹ ላይ ብርሃኑም በፊቱ ልክ ይስተካከላል። ነጠላው ትንሽ ቢፈካ ፈካ ይበል፤ ፊት ይታይ። ከነካችሁ በኋላ ጣታችሁን አንሱና ካሜራዋን በሁለት እጅ ይዛችሁ በማንሻው ቁልፍ አንሱ።

«ስትነካው ራሱ ያንሳ» የሚል ምርጫም አለ። ሕፃን ለማንሳት ደስ ይላል። ለፈረስ ግን አይሆንም። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። እዚያ ስክሪን ነክታችሁ ልታነሱ ብትሞክሩ የምታገኙት የፈረስ ጭራ ነው፤ ያውም ከታደላችሁ። ነክቶ፣ ፎከስ ጠብቆ፣ እስኪያነሳ ፈረሱ አልፏል። ዘዴው ፈረሱ የሚያልፍበትን መሬት ቀድሞ መምረጥ ነው። ማንሻውን እስከ ግማሽ ተጫኑና ፎከሱ ሲይዝ ሳትለቁ ጠብቁ። ፈረሱ እዚያ ሊደርስ ሲል ቀሪውን ግማሽ ተጫኑ። እኔ ከአሥሩ ሦስቱ ይሳካልኛል።

የቀትር ፀሐይ የዚህች ካሜራ ጠላት ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ ምንም አይታይም፤ አይን አስጠግተው የሚያዩበት ቀዳዳም የላትም። ብርሃኑን በሜኑ ከፍ አድርጉት። ካልበቃ ነጠላ ወይም ጋቢ ከራስ እስከ ካሜራ ጣል ማድረግ ነው። የድሮ ፎቶ አንሺ ትመስላላችሁ፤ ግን ይሠራል።

ጨለማ ላይ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ የዛሬ ደህና ስልክ ይበልጣታል። ብርሃን የሚቀበለው ክፍሏ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የምስር ፍሬ በሉት። አይኤስኦ የሚለውን፣ ማለትም ካሜራዋ ለብርሃን ያላትን ስሜት ማስተካከያ፣ ከ400 በላይ ከወሰዳችሁት ፎቶው ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። የዘጌን ገዳማት ስትጎበኙ፣ ለምሳሌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ መጀመሪያ አባቶችን አስፈቅዱ። ከፈቀዱ ፍላሹን አጥፉ፤ ፍላሽ የጥንት ሥዕል ላይ አይበራም። ካሜራዋን ጠንካራ ነገር ላይ አስደግፉና የሁለት ሰከንድ ቆጣሪውን ተጠቀሙ። እጃችሁ ስለማይነካት አትነቃነቅም።

ፍላሹ ግን ቤት ውስጥ ከስልክ ይሻላል። የስልክ ፍላሽ የእጅ ባትሪ እንደማብራት ነው። የካሜራዋ ለቅጽበት ብልጭ የሚል ኃይለኛ ብርሃን ስለሆነ ሰው ሲጨፍር እንኳ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። መብራት በጠፋበት ሠርግ ያነሳኋቸው የኔ ናቸው ጥርት ብለው የወጡት። ከ3 ሜትር ካለፈ ግን አትልፉ፤ አይደርስም።

ጮቄ ተራራ ላይ ከወጣችሁ ባትሪውን ከሰውነታችሁ ጋር ባለ ኪስ ያዙት። ብርድ ባትሪ ያደክማል። ወርዳችሁ ሞቃት ቤት ስትገቡ ካሜራዋን ወዲያው አታውጧት፤ ከነቦርሳዋ ትቆይ። አለዚያ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል።

ኬላ፣ ወታደር፣ ድልድይ አታንሱ። ካሜራ ከስልክ ይልቅ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ወደ ወረቀት

የድሮዎቹ በቴሌግራም አይልኩም። ካርድ ሪደር ያስፈልጋል። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ገልብጡና መገልበጡን ካረጋገጣችሁ በኋላ ሜሞሪውን እዚያው ካሜራዋ ላይ ፎርማት አድርጉት።

ለማሳተም ስለ ሜጋፒክስል አትጨነቁ። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለሆነው የተለመደ ፎቶ 2 ሜጋፒክስል ይበቃዋል። ሌላ ግን የሚያናድድ ነገር አለ። የኪስ ካሜራ ፎቶ ቅርጹ አራት ለሦስት ነው፤ ያ ወረቀት ግን ሦስት ለሁለት ነው። ስለዚህ ፎቶ ቤት ሲያትመው ከላይና ከታች ይቆረጣል። ስታነሱ ከራስ በላይ ክፍት ቦታ ተዉ፤ ወይም ሜኑው ውስጥ ሦስት ለሁለት የሚል ካለ እሱን ምረጡ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ለፋሲካ ያነሳሁትን አሳትሜ ለእናቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ትክ ብላ አየችው። «እንዲያው ልጄ፣» አለች፣ «ስንት ብር የሰጠሁበትን ሻሽ ምን በላው?»