የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ድልድል አወጣጥ

እንደ ኢትዮጵያ ዋንጫ ያለ ውድድር ሲዘጋጅ ከሁሉ በፊት የክለቦቹ ብዛት ይታይ። 22 ክለቦች ከተመዘገቡ ቀጣዩ ሙሉ ድልድል፣ ማለትም ለሁለት እየተከፈለ ያለ ጎዶሎ እስከ 2 የሚወርደው ቁጥር፣ 32 ነው። ልዩነቱ 10 ስለሆነ 10 ክለቦች አንደኛውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ፤ የቀሩት 12ቱ በ6 ጨዋታ ይለያሉ። 10 እና 6 ሲደመር 16 ሞላ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ፍጻሜው ጎዶሎ አይገጥምም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው። 22ቱም በአንደኛው ዙር ከተጋጠሙ 11 ይቀራሉ፤ አንዱ በዕጣ ሲያልፍ 6፣ ቀጥሎ 3 ይሆናሉ። ያኔ አንድ ክለብ ግማሽ ፍጻሜ ሳይጫወት ለዋንጫ ይደርሳል፤ ይህ ለለፉት ተጫዋቾች ትልቅ በደል ነው።

ሜዳና ዳኛ የሚመደበው ለ21 ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ክለብ ያሰናብታልና። 90 ደቂቃው በአቻ ሲያልቅ 30 ደቂቃ ይጨመር ወይስ በቀጥታ ወደ መለያ ምት ይኬድ የሚለው ከዕጣው በፊት በደንቡ ይጻፍ።