ለድሮ የዒላማ ሪቮልቨር ልክ የሚሆን ምትክ እጀታ እንዴት ይገኛል?

የድሮ የዒላማ ሪቮልቨር ብረቱ ደህና ሆኖ እጀታው የተሰነጠቀ፣ በሞረድ የተበላ ወይም ከሌላ ሽጉጥ የመጣ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ምትክ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሽጉጡን ስም ይዞ ይወጣል። እጀታ የሚገጥመው ግን ከስም ጋር ሳይሆን ከፍሬም፣ ማለትም ከሽጉጡ ዋና የብረት አካል ጋር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ብረቱን ለዩ፣ እንጨቱን ከዚያ በኋላ ፈልጉ።

ምሳሌ የምናደርገው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኬ-22 ማስተርፒስን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዛት ተሠርቶ በ1957 ሞዴል 17 የተባለው ባለ .22 ሪቮልቨር ነው፤ ወንድሙ ኬ-38 ደግሞ ሞዴል 14 ተብሏል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ማንኛውንም ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ከበሮውን ክፈቱ። ስድስቱንም የጥይት ጉድጓድ በዓይን አይታችሁ በጣት ዳስሱ፣ ጥይቱንም ከምትሠሩበት ክፍል አውጡ።

ከበሮው እንደተከፈተ የከበሮው ክንድ የሚያርፍበትን የፍሬም ገጽ ተመልከቱ። ከ1957 ወዲህ የተሠራ ከሆነ የሞዴሉ ቁጥር እዚያ ተመትቷል፤ ምንም ከሌለ ሽጉጡ ከዚያ በፊት የተሠራ መሆኑ አይቀርም። ፋብሪካው የፍሬሙን መጠን በፊደል ይጠራዋል፦ ጄ ትንሹ፣ ኬ መካከለኛው፣ ኤን ትልቁ ነው። በኋላ የመጣው ኤል በአካሉ ከኬ ቢወፍርም የእጀታው አጥንት (እንጨቱ የሚለብሰው ብረት) አንድ ነው። ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል፤ ታችው ማዕዘን የሆነ የቀድሞ 686 (የኤል ፍሬም ሞዴል) እጀታ ለኬ-22ም ይሆናል። የኤን እጀታ ግን በምንም መንገድ አይሆንም፣ ረጅም ነው።

ቀጥሎ የእጀታውን ታች እዩ። የድሮዎቹ የዒላማ ኬዎች ታችኛው ኋላ ጥግ ማዕዘን አለው። ፋብሪካው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ክብ ታች ወዳለው ፍሬም ስለዞረ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው አዲስ እጀታ በአብዛኛው ለክቡ የተሠራ ነው። ሰው በብዛት የሚከስረውም እዚህ ላይ ነው። ክቡን ፍሬም ማዕዘን የሚያስመስል እጀታ አለ፤ ከውጭ በፎቶ ሲታይ ለእናንተ የተሠራ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ለክብ አጥንት የተቦረቦረ ስለሆነ በማዕዘኑ ብረት ላይ ጭራሽ አይቀመጥም። ሻጩ «ለኬ ፍሬም ይሆናል» ብሎ ቢጽፍም የውስጡን ፎቶ ሳታዩ አትክፈሉ።

ማዕዘኑም ልክ ከሆነ የላይኛው ቅርጽ ይቀራል። የጥንቱ ቀጭን እጀታ ከላይ ክብ ብሎ ያልቅና የፍሬሙን ትከሻ ያጋልጠዋል። በ1930ዎቹ አጋማሽ የመጣው ማግና የሚባለው ከፍ ብሎ ትከሻውን ይሸፍናል። ሰፊው የዒላማ እጀታ ደግሞ ከምላጩ ቀለበት በስተኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ሞልቶ የፊቱንም ብረት ያለብሳል። ሽጉጣችሁ ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ከሆነ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ማግና ከላይ በኩል ክፍተት ሊያሳይ ስለሚችል ያንን ጠርዝ ለይታችሁ ጠይቁ።

ኮልት ያላቸው ሰዎችም ይህንኑ መንገድ ይከተሉ። በ1953 የወጣው ኦፊሰርስ ሞዴል ማች እና በ1955 የመጣው ፓይተን እጀታ ይወራረሳሉ፤ ከስሚዝ ኬ ጋር ግን አይገናኙም። የትንሹ ዲ ፍሬም የኮልት እጀታም ለማች አይሆንም።

አሁን ለኩ። የድሮውን እጀታ ለመፍታት ጫፉ የብሎኑን ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ቀጭን ካቻቢቴ አምልጦ እንጨቱን ይቧጭራል። ብሎኑን ጨርሳችሁ አታውጡት። ሁለት ሦስት ዙር ብቻ አላሉና ራሱን በካቻቢቴው እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት፣ ማዶ ያለው ጎን ይለቃል። ከዚያ ብሎኑን አውጥታችሁ የቀረውን ጎን ከውስጥ በጣት ግፉ። ጠርዙን በካቻቢቴ መፈልቀቅ አይገባም፤ መጀመሪያ የሚሰበረው ያ ቀጭን የላይ ጫፍ ነው።

የተራቆተውን የብረት አጥንት በወረቀት ላይ አስተኝታችሁ በሹል እርሳስ ዙሩት። ከታች የሚያልፈውን የማስተካከያ ፒን ቦታ ምልክት አድርጉበት፤ እጀታው ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። በካሊፐር የጀርባውን ብረት ውፍረት፣ ከፒኑ እስከ ታችኛው ጠርዝ ያለውን ርቀትና የታችውን ርዝመት ለክታችሁ በሚሊሜትር ጻፉ። ለሻጩ የምትልኩት ጥያቄ አጭር ይሁን፦ የሁለቱም ጎን የውስጥ ፎቶ ከአጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ፣ ካሜራው ራቅ ብሎ ቀጥ ብሎ የተነሳ። ከቅርብ የተነሳ ፎቶ ጠርዙን ስለሚያጣምም ልኬታችሁን ያሳስታል።

ፎቶው ሲመጣ የፒኑን ቀዳዳ ከንድፋችሁ ጋር አስተያዩ። በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያና በላይኛው ጫፍ ስንጥቅ ፈልጉ፤ ውስጡ የጠቆረ እንጨት ዘይት የጠጣ ነው። የፋብሪካው እጀታ ከሆነ በቀኙ ጎን ውስጥ የሽጉጡ ተከታታይ ቁጥር ተመትቶ ወይም በእርሳስ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። በብሎኑ ዙሪያ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ያልተቀረጸ እንጨት የተተወለት እጀታ እስከ 1968 የተሠራ ነው፤ ሰብሳቢዎች ስለሚሻሙበት ዋጋው ከፍ ይላል። ለመተኮስ ብቻ ከሆነ ለዚያ መክፈል አያስፈልግም። ብሎኑ አብሮ መምጣቱን አረጋግጡ፤ ወፍራም እጀታ ረጅም ብሎን ስለሚፈልግ የቀጭኑ አይደርስም።

ስለ እጅ መጠንም አንድ ነገር እንበል። የፋብሪካው የዒላማ እጀታ መዳፍ ላይ ወፍራም ነው፣ ትንሽ እጅ ያለው ሰው የጣቱ ለስላሳ ክፍል ምላጩ መሃል ላይ ለመድረስ ይቸገራል። ባለ .22 እምብዛም ስለማይረግጥ ወፍራም ጎማ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው እጅ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ነው። ለብዙ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ማግናውን እንዳለ ትቶ ታይለር ቲ-ግሪፕ የሚባለውን መሙያ ከምላጩ ቀለበት ኋላ መጨመር ነው። ቀጫጭን ክንፎቹ ከእንጨቱ ሥር ይያዛሉ፣ የመሃል ጣትንም ከቀለበቱ ምት ያድናል። እሱንም በፍሬም መጠን ነው የምትገዙት። አዲስ ማሠራት ለሚፈልግ ሄሬት፣ አልታሞንት እና የጀርመኑ ኒል ይታወቃሉ።

እጀታው ደርሶ «ሊሆን ነው ግን አልሆነም» ሲሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚነካው አዲሱ እንጨት ብቻ ነው፤ ብረቱም ቁጥሩ የገጠመው የፋብሪካ እጀታም በሞረድ አይነኩም። በአጥንቱ ጠርዝ ላይ የሻማ ጥላሸት ወይም የተፈጨ ጠመኔ ቀቡ፣ እንጨቱን ሳታንሸራትቱ ጫኑትና አንሱት። ቀለም የያዘው ቦታ ነው የሚጋፋው። እሱን ብቻ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ አሹና እንደገና ሞክሩ። የሚጋፋው ብዙውን ጊዜ በፒኑ ቀዳዳ ጠርዝ፣ በምላጩ ቀለበት ኋላ ባለው ኩርባና በላይኛው ጫፍ ነው። የፒኑ ቀዳዳ ሳይስተካከል ብሎን ማጥበቅ እንጨቱን መሃል ላይ ይሰነጥቀዋል። ሲያልቅ ተራ የማተሚያ ወረቀት ጠርዙ ላይ ሞክሩ፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ካልገባ ከዚያ በላይ አትድከሙ።

እንጨቱ ከጠበበ ሳይሆን ከሰፋ፣ ሲይዙት የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ውስጡን በአሴቶን ከዘይት አጽድታችሁ ስስ ኤፖክሲ አልብሱ። ብረቱን ግን አስቀድማችሁ በሰም በደንብ ቀቡ፣ ፒኑንም አትርሱ፤ አለበለዚያ ኤፖክሲው እጀታውን ከሽጉጡ ጋር ያጣብቀዋል።

ከመዝጋታችሁ በፊት ከፊት ያለውን የዋናውን ሞላ መወጠሪያ ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቁ። የዒላማ እጀታ ስለሚሸፍነው ላልቶ ቢቀር አይታይም፤ ባለ .22 ሽጉጥ ላይ ደግሞ ጥይት የማይነሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚያ መዶሻውን ወደኋላ ስባችሁ ሞላው ሲጎብጥ የእንጨቱን ውስጥ አለመፋቁን አድምጡ፤ የሚፍቅ ከሆነ ያንን ቦታ ቦርቡሩ። ለሙከራው በባዶ ጉድጓድ ምላጭ አትሳቡ፣ መርፌው የጉድጓዱን ጠርዝ ሊጎዳ ይችላል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ 4 ቁጥር የግድግዳ ፕላስቲክ ፊሸር አስገቡ፤ ከጥይት ጋር የማይምታታ ቀለም ያለው ይሁን። በመጨረሻ ባዶ ቀለሆች አስገብታችሁ አውጡ። በግራው ጎን ከእንጨቱ ጋር ከተነካኩ እዚያ ጋ ጥልቅ ያለ ቦታ መቅረጽ ያስፈልጋል።

በፖስታ ድንበር የሚያሻግር ሰው ስለ ቁሱ ይጠንቀቅ። የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ በሳይቲስ (ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ) ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት እንጨት ነው፤ በአሜሪካም የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ንግድ ከ2016 ወዲህ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ተዘግቷል። ዋልነት ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፣ ለእጅም ይመቻል፤ ሲደርቅበት ጥቂት ጠብታ የተልባ ዘይት በጨርቅ መቀባት ይበቃዋል።

ጎማ የመረጠ ሰው በየጊዜው ፈትቶ ብረቱን ይጥረግ። ላብና እርጥበት ከሥሩ ስለሚቀር በውጭ ሳይታይ ዝገት ይጀምራል። የወጣውን የፋብሪካ እጀታ ደግሞ ሁለቱን ጎን ከራሱ ብሎን ጋር በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ የሽጉጡን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ።